እማዬን «አወቁኝ?» እያላችሁ አትጠይቁብኝ

የመጨረሻዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ሆድ ስለባሰኝ ጻፍኩ።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል «እርጅና ነው» እያልን አልፈነዋል። ወጥ ውስጥ ሁለቴ ጨው ስትጨምር፣ የዕድር ከፍላ መጥታ እንደገና ብር ይዛ ስትወጣ፣ የቤት ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ስናገኝ ስቀን ነው ያለፍነው። ያ ሳቅ አሁን ይቆጨኛል።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ ሞላ። እማዬ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ደስ ብሏታል። አንድ ዘመዳችን ገባና ፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ «እሜቴ፣ አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» አላት። ዝም አለች። «ኧረ እኔን ረሱኝ!» አለ ጮክ ብሎ። ከእሱ ቀጥሎ ሚስቱ፣ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ጎረቤት። ሁሉም በየተራ ያንኑ ጠየቁ።

መጀመሪያ ፈገግ ትል ነበር። ቆይታ የነጠላዋን ጫፍ ትነካካ ጀመር። ጥለቱን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። በመጨረሻ ጠራችኝና ጆሮዬ ሥር «ምን አጥፍቼ ነው የሚመረምሩኝ?» አለችኝ።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ወደዋት ነው የመጡት። ግን ይህን እንዴት ነው የምነግራቸው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሲመሽ አባዬን ትጠብቃለች። አባዬ ካረፈ 11 ዓመቱ ነው። «አመሸ እኮ፣ ምን ነካው?» እያለች በሩን ታያለች። በመጀመሪያው ሰሞን እውነቱን ነገርኳት። ደረቷን እየደቃች እንደ አዲስ አለቀሰች። በነጋታው ረስታው፣ ሲመሽ እንደገና ጠየቀችኝ። አንድን መርዶ ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የማረዳው?

ነርስ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ አይዞሽ። ነርስ ነኝ፤ የራሴንም አያት በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ።

አእምሮን እንደ መዝገብ ቤት አስቢው። የመጣውን ወረቀት ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፋይል ውስጥ የሚያስገባ ሠራተኛ አለ። ይህ ሠራተኛ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱን ነው። ሠራተኛው ሲደክም አዲሱ ወረቀት በር ላይ ይቀራል። ጠዋት የበላችው ቁርስ፣ አሁን የጠየቀችው ጥያቄ፣ ትናንት የመጣው እንግዳ አልተመዘገበም። የድሮው ፋይል ግን ለጊዜው መደርደሪያው ላይ አለ። ለዚህ ነው የሠርጓን ቀን አንድ በአንድ የምትነግርሽ ሴት ምሳ መብላቷን የማታውቀው። ስለዚህ «አሁን ነገርኩሽ እኮ!» ብትያት ዋጋ የለውም። ሰምታሻለች፤ የሰማችው ነው ያልተቀመጠው።

ስሜት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። አሜሪካ ውስጥ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአልዛይመር ሕሙማንን የሚያስለቅስና የሚያስቅ ፊልም አሳዩአቸው። ጥቂት ቆይተው ሲጠይቋቸው አብዛኛውን ያዩትን ረስተውታል። ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ነበር። እማዬም በነጋታው የእንግዶቹን ጥያቄ ላታስታውስ ትችላለች። መመርመሯና መሸማቀቋ ግን ሆዷ ውስጥ ያድራል። እህል ያልቀመሰችው ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዳውን በር ላይ ያዢው። «ስምህን ተናግረህ ግባ» በይው። «እማማ፣ እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ፣ እንኳን አደረሰዎ» ካላት በቂ ነው። ብታውቀውም ባታውቀውም አትፈተንም።

አባትሽን በተመለከተ፣ መርዶውን አትድገሚው። ሰው መርዶ የሚነገረው አንድ ጊዜ ነው። «ናፈቀሽ አይደል? እስቲ እንዴት እንደተዋወቃችሁ ንገሪኝ» በያት። ያኛው ፋይል አለ። እሱን ክፈቺላት።

የቆሎ ተማሪ የነበረ

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ እንግዶቹ የተባለው ልክ ነው። የሟቹን ነገር ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሰዎች «ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል» እያሉ ሲመልሱ አያለሁ። ውሸት ነው። ለእናት መዋሸት ደግሞ ከባድ ነው። እውነት ቢያስለቅስም እውነት ነው።

ጠበሉንም አትተዉ። አያቴ ቀኑን ስታውቅም ስትስትም እንጦጦ ማርያም እንወስዳት ነበር። ሰላም ታገኝ ነበር።

የመጨረሻዋ ልጅ

ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ግን አንድ ምሽት ከጎኔ ሆነህ ብታያት! ፊቷ ላይ የሚወርደው የ11 ዓመት ሐዘን አይደለም፤ የዛሬ ነው። ከዚያ ደግሞ ለምን እንዳለቀሰች ትረሳዋለች። እንባዋ ሳይደርቅ «ምን ሆኜ ነው?» ትለኛለች።

ነርስ ከባሕር ዳር

መዋሸት ግድ አይደለም። «ይመጣል» አትበያት። «ናፈቀሽ አይደል?» ውሸት የለበትም። የምትጠይቅሽ የአባትሽን አድራሻ አይደለም። ፈርታለች፤ ቤት ውስጥ የምታምነው ሰው መኖሩን ነው የምትፈልገው። ሲመሽ መረበሽ በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። ሳይጨልም መብራት አብሩ፤ ጥላ ያስፈራቸዋል። መጋረጃውን ዝጉ። በዚያ ሰዓት እጇን የሚያሠራት ነገር ስጧት፤ ምስር መልቀምም ቢሆን።

ጠበሉን አልቃወምም። ሰላም ከሰጣት ይሁን። መድኃኒቷን ግን እንዳታቋርጡ። የጠበል ቀን ግፊያ አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፣ ለቀቅ ሲያደርጓት መጥፋትም አለ። እና ደግሞ፣ ሰውን ስትጠራጠር «መንፈስ ነው የሚያናግራት» ብላችሁ እንዳትጮሁባት። አንጎሏ ያጣውን ገጽ ራሱ ሲሞላው ነው።

የመጨረሻዋ ልጅ

ሲስተር፣ የመጨረሻው ነገርሽ አንድ ነገር አስነሳብኝ። እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

አምና እማዬ የአንገት ሐብሏን አጣች። «ልጅቷ ወሰደችው» አለች። ልጅቷ ማለት የቤት ሠራተኛችን ነች፤ 19 ዓመቷ ነበር። እማዬ በሕይወቷ ሰው በሐሰት ከሳ አታውቅም። ስለዚህ አመንናት። ልጅቷ እያለቀሰች ማለች፣ ተገዘተች። አሰናበትናት። ከሦስት ወር በኋላ ሐብሉ የጤፍ ጆንያ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ተገኘ። እማዬ ራሷ ደብቃው ረስታዋለች።

ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። የቀረ ደሞዟንም ሰጠኋት። ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ያን ቀን ሻንጣዋን ስንበረብር የነበረውን ፊቷን አልረሳውም።

ከቤሩት የተመለሰች

አንቺ የምትይው ሠራተኛ ወገን ነኝና ልናገር።

ቤሩት 12 ዓመት ሠርቻለሁ። አምስቱን ዓመት የማዳምን እናት ነው የጦርኩት። ሴትየዋ በየሳምንቱ «ሰረቅሽኝ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ቀለበት፣ አንድ ቀን ሻሽ፣ አንድ ቀን የጥርስ ሳሙና። ሻንጣዬ ስንት ጊዜ እንደተበረበረ አላስታውስም። በሽታ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ክፋት መስሎኝ ማታ ማታ አለቅስ ነበር። በሽታ መሆኑን የሰማሁት ሐኪም ቤት ይዣት ስሄድ ነው። አንዲት ነርስ በአረብኛ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያን ቀን ሸክም ወረደልኝ።

ከዚያ በኋላ «አልወሰድኩም» ማለት ተውኩ። «ተይ፣ አብረን እንፈልገው» እላታለሁ። ተያይዘን መሳቢያ እንከፍታለን። ሁለተኛው መሳቢያ ላይ ስንደርስ የምንፈልገውን ራሷ ትረሳዋለች። ዕቃ የምትደብቅበትን ቦታም ለየሁት። ሁልጊዜ ከትራሷ ሥር ወይ ከድስት ውስጥ ነው። እናንተም የእናታችሁን ቦታ እወቁ።

ገላ ማጠብም ጦርነት ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ልብስሽን ሲያወልቅ፣ ማን እንደሆነ ባታውቂው አንቺስ አትጮሂም? ልብሷን በአንዴ አላወልቅም። ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አደርጋለሁ። መታጠቢያ ቤቱን ቀድሜ አሞቀዋለሁ። መጀመሪያ እጇን ውሃው ውስጥ አስነክራለሁ፤ ሙቀቱን ራሷ ትወቀው። ከዚያ እግሯን። ራሷ ላይ ውሃ የማፈሰው መጨረሻ ነው፤ ከላይ ሲወርድ ያስደነግጣቸዋል። ጨርቅ እሰጣትና «አንቺ ፊትሽን፣ እኔ ጀርባሽን» እላታለሁ።

አሁን ደሴ ነኝ። የራሴ እናት ጀምሯታል። ያን ሁሉ የተማርኩት በሰው እናት ላይ ነው።

የሜሪላንዱ

ሁላችሁንም አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። በቪዲዮ ደውዬ «እማ፣ አወቅሽኝ?» የምል እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላለችው ለአክስቴ። ሁልጊዜ። ሌላ የሚወራ ያጣሁ ይመስል። ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ተናግሬ ነው የምጀምረው።

እኔ ጋ ያለው አባቴ ነው፤ 81 ዓመቱ። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በስልክ አስተርጓሚ ነበር። «ዘመኑ ስንት ነው?» ተባለ። «2015» አለ። ስህተት ተብሎ ተጻፈ። ከጠዋቱ አሥር ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። «አሁን ስንት ሰዓት ይመስልዎታል?» ሲሉት «አራት» አለ። ስህተት። «ወቅቱስ?» ሲባል «በጋ» አለ። ስህተት። አስተርጓሚው ቃሉን እንጂ አቆጣጠሩን አልተረጎመም። አቋርጬ ገባሁና በኢትዮጵያ ዘመን 2015 ልክ መሆኑን፣ ሰዓታችን የሚቆጠረው ከማለዳ ጀምሮ መሆኑን አስረዳሁ። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ናት፤ ወረቀቱን እንደገና አየችው።

ከዚያም ሰዓት ሣል አሉት። አባቴ ገበሬ ነበር። እርሳስ የያዘው ካረጀ በኋላ ነው። ክቡን መሣል የቸገረው መርሳት ይሁን አለመልመድ በምን ይታወቃል?

በሌላ ቀን ሩዳስ የሚባለውን ፈተና ሰጡት። አውስትራሊያ ውስጥ ለተለያየ ባህልና ቋንቋ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እዚያ ላይ የሚታወሰው የሱቅ ዕቃ ነው። ሻይ፣ የምግብ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና። አባቴ ሱቅ ተልኮ ስለማያውቅ ሳይሆን ስለረሳ ብቻ ነው የወደቀው። ከአራቱ አንዱን ያዘ። እውነተኛው ውጤት ያ ነበር። ልቤ ተሰበረ፤ ግን ቢያንስ የተለካው ትክክለኛው ነገር ነው።

ወላጃችሁን ስታስመረምሩ አብራችሁ ግቡ። ምን እንዳያችሁ፣ መቼ እንደጀመረ ጽፋችሁ ሂዱ። የእኛ ሰው ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው የሚወጣው።

ቄራ ሠፈር

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ጃጅታለች» ብላችሁ ቤት አታስቀምጡ። መጀመሪያ ይታይ።

አክስቴ 74 ዓመቷ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ተለወጠች። ስም መጥራት አቃታት፤ ስትሄድ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ሁሉም «ዕድሜ ነው» አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ባኞ ቤት አዳልጧት ግንባሯን መትቷት ነበር። ትንሽ አብጦ ስለጠፋ ረሳነው። ሲቲ ስካን ሲነሳ በራስ ቅሏና በአንጎሏ መሃል ደም ተጠራቅሟል። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በሦስተኛው ቀን በስሜ ጠራችኝ።

የሁሉም ዕድል ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አልዛይመር ከሆነ እንዲህ አይመለስም። ግን ማን ለየው?

ነርስ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። መርሳትን የሚያመጣ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን ሲያንስ ሰው ይዘነጋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ እንዲሁ። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት በሽማግሌ ላይ መርሳት መስሎ ይመጣል። አንዳንድ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ያደነዝዛሉ። ከፋርማሲ ያለ ትዕዛዝ የምንገዛቸው ሳይቀሩ። ትናንት ደህና የነበረ አዛውንት ዛሬ በድንገት ቢቃዥ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ድንገት የመጣ ነገር ሁሉ ቶሎ ሐኪም ቤት ነው።

እውነተኛው ዲሜንሺያ፣ ማለትም አንጎል እየተጎዳ የሚመጣው መርሳት፣ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ከእሱ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከደም ሥር ጋር የተያያዘው ነው፤ ደም ግፊትና ስኳር ያልተቆጣጠረ ሰው ላይ ይበዛል። ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ለአንዳንዱ ሰው ለጊዜው ይረዳሉ፤ በሽታውን ግን አያድኑም። ይህን ደብቆ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

የሳይኮሎጂ ተማሪ

ስለ መጠየቅ ስታወሩ የበሽታው ታሪክ ራሱ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የ51 ዓመት ሴት ሆስፒታል ገባች። አውግስተ ትባላለች። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ነበር። ስሟን ሲጠይቃት «አውግስተ» አለች። የባልሽስ ስም ሲላት፣ መልሳ የራሷን ስም ተናገረች። ምሳ ላይ አበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ እየበላች፣ ምን እንደምትበላ ስትጠየቅ ቆስጣ አለች። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው። ዛሬ አሚሎይድና ታው የምንላቸውን የፕሮቲን ክምችቶች ያየው እዚያ ነው። በሽታው በስሙ ተጠራ።

እሱ የጠየቃት ሐኪም ስለሆነ ነው። ጥያቄው ቦታ አለው። ቦታው የምርመራ ክፍል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከዲሜንሺያ ጋር ይኖር ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 አሥራ አራት ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነሱን በሙሉ መከላከል ቢቻል ከዲሜንሺያው 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። የጆሮ መስማት መቀነስና ያልታከመ የዓይን ችግር ከመካከላቸው ናቸው። እኛ አገር ጆሮው የደነቆረ አዛውንት ማንም አያስመረምረውም። ጥግ ተቀምጦ ዝም ይላል። የእማዬን ጆሮ አስመርምራችኋል?

የመጨረሻዋ ልጅ

አላስመረመርንም። በዚህ ሳምንት እወስዳታለሁ።

ከነታንያ

አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ። የተማርኩት ከአያቴ ነው፤ ያውም አሁን፣ ከታመመች በኋላ።

አያቴ ከጎንደር ገጠር ተነስታ በእግሯ ሱዳን የገባች ናት። ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣው የሙሴ ዘመቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ እስራኤል መጣች። በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚጠጋ የቤተ እስራኤል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ከእነሱ ሁለቱ የአያቴ ልጆች ናቸው። ዕብራይስጥ ለገበያና ለሐኪም የሚበቃ ተምራ ነበር። አሁን ጠፍቷል። ኋላ የገባው ቋንቋ ነው ቀድሞ የወጣው። የምትረዳት ሴት ዕብራይስጥ ብቻ ነው የምታውቀው። አያቴ «ውሃ ጠማኝ» ስትል ሴትየዋ ፈገግ ትልላታለች። ይህን ሳይ ነው አማርኛ መማር የጀመርኩት። ለረዳቷ መጀመሪያ የጻፍኩላት ስምንት ቃል ነው። ውሃ፣ ሽንት፣ ያመኛል፣ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ፈራሁ፣ ደከመኝ፣ ልጄ። በዕብራይስጥ ፊደል ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ሌሊት ትነሳለች። አንሶላ መሬት ላይ ትዘረጋና ቋጠሮ ትቋጥራለች። ዳቦ፣ ኩባያ፣ የትንሹን ወንድሜን ካልሲ። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ፣ ሽፍታ ይሰማል» ትለናለች። ያኔ የሚጓዙት በሌሊት ነበር።

እናቴ ትከራከራት ነበር። «እማ፣ ደርሰናል እኮ! ቤታችን ነን!» ስትላት አያቴ በፍርሃት አፏን ትይዝባታለች። ልጆቿን ልታስገድልባት ነዋ። አሁን እኔ ነኝ የምነሳው። ቋጠሮውን በአንድ እጄ፣ እጇን በሌላው እይዛለሁ። መብራት ቀነስ አድርገን ኮሪደሩን ሁለት ሦስቴ እንዞራለን። ከዚያ አልጋዋ ጋ ስንደርስ «እዚህ እንረፍ፤ ሲነጋ እንቀጥላለን» እላታለሁ። «ልጆቹ ሁሉም አሉ?» ትለኛለች። «ሁሉም አሉ» እላታለሁ። ትተኛለች።

የቆሎ ተማሪው ወንድሜ፣ ይህ ውሸት ነው ትለኝ ይሆናል። ሁለቱ የሉም። እኔ ግን ከዚህ ሌላ የምላት የለኝም።

የቆሎ ተማሪ የነበረ

እህቴ፣ አልልሽም። እንደዚህ ያለ መንገድ አብሬ ሄጄ አላውቅምና አልፈርድም። ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት፤ ችኩል ነበርኩ። የአያቴ ነገር ትዝ አለኝ። የልጆቿን ስም ጨርሳ ስትረሳ የዘወትር ጸሎት ግን አልረሳችም ነበር። አንዱን ቃል ካስጀመርናት እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች። እኔ ሆን ብዬ ስሳሳት ታርመኛለች። ዓይኗ ያኔ ይበራል። ያን ጊዜ «ማን ነኝ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አብሬያት እደግም ነበር እንጂ።

የመጨረሻዋ ልጅ

ይህን ሁሉ ለወንድሞቼ ልኬላቸዋለሁ። ሁለቱም ካናዳ ናቸው። ብር በየወሩ ይልካሉ፤ አላጉረመርምም። ግን በወር አንድ ሌሊት እንኳን የሚተካኝ ሰው ብትፈልጉልኝ ብያቸዋለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። ትናንት ትልቁ ደወለ። «እማ፣ እኔ ነኝ፣ የበኩር ልጅሽ» አላት። «ውይ፣ በላህ?» አለችው። እሱ ስልኩን ይዞ ዝም አለ። እያለቀሰ ነበር መሰለኝ።

ከቤሩት የተመለሰች

እህቴ፣ ጎረቤት ጥሪ። «እርዱኝ» አትበይ፤ የሐበሻ ሰው «አይዞሽ» ብሎ ይሄዳል። «ቅዳሜ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት አጠገቧ ተቀመጪልኝ» በያት። ሰዓት ከተቆረጠለት ሰው እሺ ይላል። በነጠላዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥርሽን በክር ጥለፊው። ወረቀት ይጥላሉ፤ ነጠላ አይጥሉም።

የመጨረሻዋ ልጅ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ጆሮዋ ታይቷል። የአንደኛው ጆሮዋ ኩክ ደርቆ ደፍኖት ነበር፤ ወጣላት። መርሳቷን አልለወጠውም። ግን ከጀርባዋ ስንመጣ መደንገጥ ትታለች። በነጠላዋ ጫፍ ላይ ቁጥሬን ጠልፌያለሁ። የታችኛዋ ጎረቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር ትቀመጣለች፤ እኔ እተኛለሁ።

ሰኔ 21 የማርያም ማኅበራችን ጽዋ እኛ ቤት ነበር። በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ሰው ነገርኩ። «ስማችሁን ተናግራችሁ ግቡ፤ አወቁኝ እንዳትሏት።» አንዳንዶቹ ደነገጡ። አንዷ ቅር አላት። ግን አደረጉት።

ድሮ ወፍጮ ቤት የነበራት የእማዬ ጓደኛ መጣች። 30 ዓመት አብረው ማኅበር ጠጥተዋል። አጠገቧ ቁጭ ብላ «እኔ ነኝ፣ የወፍጮ ቤቷ» አለቻትና እጇን ያዘች። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም። ስለ ዝናቡ አወራች።

ቡናውን እኔ ልቆላ ስል እማዬ ተነሳች። ምጣዱን ከእጄ ወሰደችው። ፍሬውን ስታገላብጥ አየኋት። ከከሰሉ ከፍ፣ ዝቅ፣ ነቅነቅ። መንጣጣት ሲጀምር በጆሮዋ ነው የያዘችው፤ አንዴ ቆም አለችና ዘይቱ ሳይወጣ ሳይዘገይ አነሳችው። ጭሱን ይዛ ዞረች። የአንዳቸውንም ስም አልጠራችም። የጀመረችው ግን ከሁሉም ከምትበልጠው፣ ጥግ ከተቀመጡት አሮጊት ነው።

ሁሉም ሄዱ። ሲኒ እያጠብን «ያቺ አጠገቤ የነበረችው ሴት ማን ናት?» አለችኝ።

«የወፍጮ ቤቷ ናት፣ እማዬ።»

«ደስ ትላለች» አለች። «እንድትመለስ ንገሪያት።»

ነግሬያታለሁ። ማክሰኞ ትመጣለች።